መለጠጥና መመለስ፦ የ«ኤላስቲን» ስያሜ ታሪክና የአማርኛ ፍችው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ሳንባ በሽታ የሚያስረዳ አንድ የጤና ማስተማሪያ ጽሑፍ ለቋንቋ እርማት ቀርቦልን ነበር። በውስጡም «በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ሳንባው የመለጠጥ ችሎታውን ስለሚያጣ አየር በበቂ ማስገባት ይሳነዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኝ ነበር። ሰዋስዉን መረመርን፤ ጉድለት አላገኘንበትም። በፊታችን የነበረው የሙያ ቃላት ዝርዝርም ለባዕዱ ቃል «የመለጠጥ ችሎታ» የሚል አቻ ሰጥቶት ስለ ነበር ጽሑፉን አጽድቀን መለስነው። ታትሞ ከተሠራጨ በኋላ አንድ ሐኪም ወዳጃችን አንብቦት ነገሩ የተገለበጠ መሆኑን አስረዳን። በተጠቀሰው በሽታ ሳንባ መለጠጥ አያቅተውም፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። የሚያቅተው ተለጥጦ መመለስ ነው፤ ስለዚህም ሕመምተኛው በይበልጥ የሚቸገረው አየር በማስገባት ሳይሆን በማስወጣት ነው።

ተርጓሚው የተሳሳተው ባለማወቅ ብቻ አልነበረም፤ የተሰጠው አቻ ቃል ራሱ አሳስቶታል። አቻውን ያጸደቅነውም እኛው ነን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጠባይ ዋና ተጠያቂ የሆነው ፕሮቲን፣ ማለትም ኤላስቲን፣ ስሙን ከየት እንዳገኘ፣ ምንነቱም በምን ደረጃ እንደታወቀ ከመረመርን በኋላ ለአማርኛ መዝገበ ቃላት የሚበጀውን ፍች ለማመልከት እንሞክራለን።

1. የቃሉ መነሻ

«ኤላስቲን» የሚለው ስም ከሁለት ክፍሎች የተገነባ ነው፤ እነርሱም «ኤላስት-» የሚለው ግንድና «-ኢን» የሚለው ምዕላድ ናቸው። ግንዱ የመጣው ከግሪክኛ ሲሆን የግሱ ጥንታዊ ፍች መንዳት፣ መግፋት፣ ብረትንም ቀጥቅጦ ማስፋት ነው። ከዚሁ ግስ የወጣው ቅጽል «ተቀጥቅጦ የሚሰፋ» እንደ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንሻለን። ቀጥቃጭ በመዶሻ ያሰፋው ብረት እንደ ሰፋ ይቀራል እንጂ ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም። እንግዲህ ሥርወ ቃሉ የሚያመለክተው ዛሬ ቃሉ የሚታወቅበትን ጠባይ ሳይሆን ተቃራኒውን ነው ለማለት ይቻላል።

ይህን ቃል በላቲን ቅርጽ ወደ ሳይንስ ጽሑፍ አስገባ የሚባለው ፈረንሳዊው የአካል ጥናት ሊቅ ዣን ፔኬ ነው። ፔኬ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉን የተጠቀመበት ለቆዳ ወይም ለጅማት ሳይሆን ለአየር ነበር፤ ይኸውም ታምቆ ሲለቀቅ የሚስፋፋበትን ጠባይ ለመግለጽ ነው። ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1660፣ ሮበርት ቦይል ስለዚሁ የአየር ጠባይ ያደረጋቸውን ሙከራዎች ሲያሳትም በመጽሐፉ ርእስ ላይ ተጭኖ ሲለቀቅ ተስፈንጥሮ የሚመለስን ነገር የሚያመለክት የእንግሊዝኛ ቃል አኖረ። በ1678 ደግሞ ሮበርት ሁክ አንድ አካል በተለጠጠ መጠን የሚመልሰው ኃይል እንደሚጨምር የሚደነግገውን ሕግ ገለጠ። የሁክ ድርሳን የላቲን ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስለ መላሽ ኃይል» የሚል ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው ቃሉ በሳይንስ ውስጥ ቦታ በያዘባቸው በእነዚያ 27 ዓመታት ውስጥ የትርጉሙ እምብርት መመለስ እንደ ነበረ ነው። መለጠጥም ሆነ መታመቅ ለመመለስ ምክንያት ይሆናሉ እንጂ እነርሱ ራሳቸው ቃሉ የሚሰይመው ጠባይ አይደሉም።

2. ከአየር ወደ ሥጋ

ለአየር የወጣው ቃል ወደ አካል ጥናት የተሸጋገረበት መንገድ ለቃላት ታሪክ አጥኚ የሚስብ ነው። እንግሊዛዊው እስቴፈን ሄልስ በ1733 ስለ ደም ግፊት ባሳተመው መጽሐፍ ደም ወሳጅ ቧንቧዎችን በዘመኑ በነበረው የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ ውስጥ ካለው የአየር ማመቂያ ጋር አነጻጸራቸው። መሣሪያው ውሃን የሚገፋው በመግፋትና በማረፍ ነበር፤ ዳሩ ግን የታመቀው አየር በዕረፍቱ ጊዜ እየተመለሰ ስለሚገፋ ውሃው ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ልብም እንዲሁ ትመታለች፣ ታርፋለች፤ በምትመታበት ጊዜ የሰፋው ደም ወሳጅ ቧንቧ በምታርፍበት ጊዜ ተመልሶ እየጠበበ ደሙን ወደ ፊት ይገፋል። ይህንኑ ሐሳብ ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በ1899 በሒሳብ ስሌት አጸናው፤ ሐሳቡ የሚጠራበት የጀርመንኛ ስም «ቪንትኬሰል» በቀጥታ ሲፈታ «የአየር ጋን» እንደ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት የፔኬና የቦይል አየር በደም ወሳጅ ቧንቧ ግድግዳ ምሳሌ ሆኖ ተመለሰ።

ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ ለማወቅ ግን አጉሊ መነጽርና ኬሚስትሪ አስፈልገዋል። የ19ኛው ምእተ ዓመት ተመራማሪዎች በአያያዥ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክሮች ለዩ፤ አንደኛው ነጭ፣ ሁለተኛው ቢጫ። ለምርመራ የተመቻቸው ከከብት ማጅራት የሚወጣው ወፍራም ቢጫ ጅማት ነበር። ይህን ጅማት ሥጋ የሚመትር ሁሉ ያውቀዋል፤ ቢቀቅሉት አይበስልም፣ ቢያኝኩት አይደቅም። ከብቱ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ ይለጠጣል፤ ቀና ሲል ተመልሶ ከባዱን ጭንቅላት ለማንሣት ያግዛል። ከደረቅ ክብደቱ ውስጥ ከ70 በመቶ የሚበልጠው ኤላስቲን ነው።

ሁለቱን ክሮች የለየው ቀላል ፈተና መቀቀል ነበር። ነጩ ክር በፈላ ውሃ ሲቆይ ሟሙቶ ሙጫ ይወጣዋል፤ ስለዚህም የዋናው ፕሮቲን ስም ኮላጅን፣ ሲፈታ «ሙጫ አስገኚ»፣ ሆነ። ቢጫው ግን ውሃም ሆነ ትኩስ አልካሊ አልበገረውም። ለዚህ እንቢተኛ ነገር ከጠባዩ ስም አወጡለት፤ በምእተ ዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ «ኤላስቲን» የሚለው ስም በኬሚስትሪ ጽሑፎች ውስጥ ቦታውን ያዘ።

«-ኢን» የተባለው ምዕላድ በዚያን ዘመን ለእንዲህ ዓይነት ንጥረ ነገሮች የወል ምልክት ለመሆን በቅቶ ነበር። «ፕሮቲን» የሚለው ስም ራሱ በ1838 በሆላንዳዊው ሙልደር ጽሑፍ የወጣ ሲሆን ስሙን በደብዳቤ የጠቆመው ስዊድናዊው ቤርሴሊዩስ ነበር፤ መነሻውም ቀዳሚ፣ አንደኛ የሚል ፍች ያለው የግሪክኛ ቃል ነው። አልቡሚን፣ ፋይብሪን፣ ኬራቲን የሚሉት ስሞች ሁሉ የዚሁ ቤተ ሰብ ናቸው። ምዕላዱ በተለምዶ «እንዲህ የተባለው ጠባይ ወይም ምንጭ ያለው ንጥረ ነገር» ከማለት በቀር የራሱ ፍች የለውም። በአማርኛም ለዚህ ተግባር የተመደበ ምዕላድ ስለሌለን ቪታሚንን፣ ኢንሱሊንን፣ ፔኒሲሊንን እንዳሉ ተቀብለናቸዋል።

3. የክሩ ጠባይ

ስሙ ከወጣ በኋላ ክሩን በዓይን ለይቶ ማየት የተቻለው በቀለም ነው። ካርል ቫይገርት በ1898፣ ፍሬድሪክ ቬርሆፍ በ1908 ያወጧቸው የማቅለሚያ ዘዴዎች ክሮቹን ከአካባቢያቸው ለይተው አጉልተው ስለሚያሳዩ እስከ ዛሬ በሕክምና ቤተ ሙከራዎች ይሠራባቸዋል።

ክሩ ለምን ተመልሶ እንደሚሰበሰብ ግን ቆይቶ የተገለጠ ነገር ነው። በ1958 ሆቭና ፍሎሪ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ኤላስቲን የሚሠራው እንደ ጎማ መሆኑን አስረዱ። በዚህ አስተሳሰብ፣ ክሩ ባልተለጠጠበት ጊዜ የፕሮቲኑ ሰንሰለቶች ያለ ሥርዓት የተመሰቃቀሉ ናቸው። ሲለጠጥ መስመር ይይዛሉ፤ ሲለቀቅ ግን ከሙቀት የሚመነጨው ያላቋረጠ እንቅስቃሴያቸው ወደ መመሰቃቀሉ ይመልሳቸዋል። ለዚህ ሁሉ ውሃ ያስፈልጋል፤ የደረቀ ኤላስቲን ተሰባሪ ነው።

ሆኖም የተመሰቃቀለ ሰንሰለት ብቻውን ቢሆን ሲለጠጥ እርስ በርሱ ተንሸራትቶ ይቀር ነበር። የሚመልሰው እርስ በርሱ የታሰረ መሆኑ ነው። ማሰሪያውን በ1963 ያገኙት በካምብሪጅ ይሠሩ የነበሩት ፓርትሪጅና ባልደረቦቹ ሲሆኑ ስሙን «ዴስሞሲን» አሉት፤ የግሪክኛው ግንድ ፍችም ማሰሪያ ነው። ዴስሞሲን የሚፈጠረው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ አራት ሆኖ በአንድ ቀለበት ሲጣመር ነው። ጥምረቱን የሚያስጀምረው ኢንዛይም ደግሞ ያለ መዳብ አይሠራም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ መዳብ በጎደለው ቀለብ ያደጉ ጫጩቶችና ዐሳማዎች ከልብ የሚወጣው ታላቁ ደም ወሳጅ ቧንቧቸው፣ አኦርታ፣ እየፈነዳ ሲሞቱ የታየበት ምክንያት ይኸው ነው። ፕሮቲኑ ነበር፤ ማሰሪያው ግን አልነበረም። በ1968 ተመራማሪዎች መዳብ ከጎደላቸው ዐሳማዎች ያልታሰረውንና ስለዚህም የሚሟሟውን ፕሮቲን ለይተው አወጡ። ይህም ዛሬ «ትሮፖኤላስቲን» ይባላል፤ «ትሮፖ-» የሚለው ቅድመ ግንድ መዞርን፣ መለወጥን ስለሚያመለክት ስሙ «ወደ ኤላስቲንነት የሚለወጥ» ማለት ነው። ተርጓሚዎች ሁለቱን አንድ አድርገው እንዳይጽፉ እናሳስባለን፤ አንዱ ይሟሟል፣ ሌላው አይሟሟም፤ አንዱ ገና ያልታሰረ፣ ሌላው የታሰረ ነው።

4. በቆዳና በሌሎች አካላት

ኤላስቲን በሁሉም ኅብረ ሕዋስ ውስጥ በእኩል መጠን አይገኝም። ከቆዳ ደረቅ ክብደት ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን በአኦርታ ግድግዳ ግን ከ30 እስከ 50 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በቆዳ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ኮላጅን ነው። የሁለቱ ሥራ የተለያየ ነው፤ ኮላጅን ቆዳ ከልክ በላይ እንዳይሳብና እንዳይቀደድ ይከላከላል፤ ኤላስቲን ደግሞ የተሳበው ወደ ቦታው እንዲገባ ያደርጋል። የእጃችንን ጀርባ ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥረን ስንለቀው ወዲያው የሚስተካከለው ስለዚህ ነው።

አካል ኤላስቲንን በብዛት የሚሠራው ከመወለድ በፊት ባለው የመጨረሻ ጊዜና በሕፃንነት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እጅግ ጥቂት ነው። በ1991 የታተመ ጥናት የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየር ላይ የበተኑትን ካርቦን 14 እንደ መለኪያ ተጠቅሞ በሰው ሳንባ ኤላስቲን ውስጥ ያለው ካርቦን በአማካይ 74 ዓመት ያህል እንደሚቆይ ገመተ። እንግዲህ ሰው ከሞላ ጎደል ዕድሜውን ሙሉ የሚተነፍሰው በልጅነቱ በተፈተለ ክር ነው። ክሩ ከተበጠሰ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይተካም። ኤላስቲን ያለበት ቅባት የሚያስተዋውቁ ጽሑፎችን የሚተረጉሙ ባልደረቦቻችንም ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ በቆዳ ላይ የተቀባ ኤላስቲን ወደ ውስጠኛው ቆዳ ገብቶ የተበጠሰውን ክር አይቀጥልም።

ክሩ ሲጎድል የሚደርሰው ጉዳት እንደ አካሉ ይለያያል። በ1963 ላውሬልና ኤሪክሶን የተባሉ ስዊድናውያን በአንዳንድ የሳንባ ሕመምተኞች ደም ውስጥ አንድ ፕሮቲን ጎድሎ አገኙ፤ ያ ፕሮቲን ኤላስቲንን የሚበላውን ኢንዛይም የሚገታ ነበር። ገቺው ሲጠፋ ክሩ ይበላል፤ ሳንባውም እንደ ሰፋ ይቀራል። በመግቢያችን የጠቀስነው ጽሑፍ የሚናገረውም ስለዚሁ ዓይነት በሽታ ነበር። በ1961 የልብ ሐኪሙ ዊሊያምስ የገለጸው የሕመም ዓይነት ደግሞ በ1993 የኤላስቲን ዘረ መል በአንደኛው 7ኛ ክሮሞሶም ላይ ከመጥፋቱ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ፤ የአኦርታው መጥበብ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሌላም መደነጋገሪያ አለ። ኤላስቲን ያለበት ክር ከኤላስቲን ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ዙሪያውን የሚደግፉት እጅግ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ የእነርሱም ዋና ፕሮቲን በ1986 «ፋይብሪሊን» ተባለ። አንቷን ማርፋን በ1896 ለገለጸው በሽታ ምክንያቱ የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል ጉድለት መሆኑ በ1991 ተረጋገጠ። ደምን የሚያረጋው ግን «ፋይብሪን» ነው። በመካከላቸው ያለችው አንዲት «ሊ» ብትዘለል ሕመምተኛው ሌላ በሽታ ይሰጠዋል።

5. የአማርኛው ስያሜ

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። አማርኛ የዚህን ቃል ዘመድ ካስተናገደ ቆይቷል፤ «ላስቲክ» የሚለው የዘወትር ቃል የመጀመሪያውን አናባቢ ጥሎ የገባ የዚያው ዘር ነው። ነገር ግን ቃሉ በእኛ ዘንድ ሁለት አቅጣጫ ይዟል። የሱሪ ላስቲክ ተለጥጦ ይመለሳል፤ ዕቃ የሚያዝበት ላስቲክ ግን ቢስቡት ተለጥጦ ይቀራል፣ አለዚያም ይቀደዳል። በአንድ ስም ሁለት ተቃራኒ ጠባዮች ስለተጠሩ ይህ ቃል ለሙያ ስያሜ መሠረት ሊሆን አይችልም።

«ለጠጠ» ከሚለው ግስ የወጡ ስያሜዎችስ? «ተለጣጭ» ማለት ሊለጠጥ የሚችል ማለት ነው፤ ከተለጠጠ በኋላ ስለሚሆነው ምንም አይናገርም። እንዲያውም የሕዝቡ አነጋገር የሚያዘነብለው ወደ መቅረት ነው፤ «ልጥጥ ያለ ሀብታም» ስንል ሀብቱ ነገ ይሰበሰባል ማለታችን አይደለም፤ «ነገሩን ለጠጠው» ስንልም ነገሩ እንደ ረዘመ ይቀራል። ጉድለቱን ለመግለጽ ግን ሕዝቡ ትክክለኛ ቃል አለው። የሱሪ ላስቲክ ሲያረጅ «አልለጠጥ አለ» አይባልም፤ «ላላ» ይባላል። ስለ ሽማግሌ ቆዳም እንዲሁ ነው። እኛ የቋንቋ ሰዎች ቃላት ሲላሉና ሲጠብቁ በየዕለቱ የምንመረምር ሆነን ሳለ ይህን ልዩነት ከዕለት ተዕለት አነጋገር አለመማራችን ያስገርማል።

ስለዚህ ሦስት ጠባዮችን በሦስት ስያሜዎች መለየት ተገቢ ይመስለናል። ሊለጠጥ የሚችለው ሁሉ «ተለጣጭ»፣ ተለጥጦ ወደ ነበረበት የሚመለሰው «ተለጥጦ ተመላሽ»፣ ተለጥጦ እንደ ተለጠጠ የሚቀረው «ተለጥጦ ቀሪ» ቢባሉ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በቦዝ አንቀጽ የሚጀምር ስያሜ ለብዙ ቁጥር አይመችም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በቋንቋው ውስጥ ይገኛል፤ «አርሶ አደር» ሲበዛ «አርሶ አደሮች» እንጂ «አርሰው አደሮች» አይሆንም። በዚሁ ሥርዓት «ተለጥጦ ተመላሽ ክሮች» ማለት ይቻላል፤ የጠባዩም ስም «ተለጥጦ ተመላሽነት» ይሆናል። ረዘም ማለቱን አንክድም፤ ሆኖም አጥሮ ከሚያሳስት ረዝሞ የሚያስረዳ ይሻላል። ሐኪሞቻችን «ደም ወሳጅ» እና «ደም መላሽ» የሚሉትን ስያሜዎች ያለ ችግር እንደሚጠቀሙባቸውም እናስታውሳለን።

የፕሮቲኑ ስም ራሱ ግን መተርጎም የለበትም። የአንድ ንጥረ ነገር መጠሪያ በመሆኑና የቤተ ሰቡን ምልክት «-ኢን»ን በመያዙ እንደ ሌሎቹ እንዳለ ሊገባ ይገባዋል። አጻጻፉን በሚመለከት «ኢላስቲን» ከሚለው ይልቅ «ኤላስቲን» የሚለውን እንመርጣለን። «ኢ-» በአማርኛ የአፍራሽነት ቅድመ ግንድ ሆኖ ያገለግላል፤ «ኢፍትሐዊ» እንደምንል ሁሉ «ኢላስቲክ» የሚለውን ያነበበ ሰው «ላስቲክ ያልሆነ» ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። «ኤ» ግን ለመነሻውም የቀረበ፣ ከዚህ ጥርጣሬም የጸዳ ነው።

በጠቅላላው ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሥርወ ቃል የፍች ዋስ አለመሆኑን ነው። በግሪክኛው ግንድ ብቻ የተመራ ሰው ቀጥቃጩ ዘንድ ይቀራል፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን ነገሩ በእርግጥ የሚሠራውን ሥራ እስከ ቤተ ሙከራውና እስከ ሕመምተኛው አልጋ ድረስ ተከትሎ መሄድ አለበት። ያንን ጽሑፍ ዳግመኛ ለማረም ዕድል ስናገኝ ዓረፍተ ነገሩን «ሳንባው ተለጥጦ የመመለስ ችሎታውን ስለሚያጣ አየር ማስወጣት ይሳነዋል» ብለን አስተካከልነው። ለመዝገበ ቃላት የምናቀርበው ፍችም የሚከተለው ነው፦

ኤላስቲን፤ ስም። በቆዳ፣ በሳንባ፣ በታላላቅ ደም ወሳጅ ቧንቧዎችና በአንዳንድ ጅማቶች ውስጥ የሚገኝ፣ በውሃ የማይሟሟ ፕሮቲን፤ ኅብረ ሕዋስ ከተለጠጠ በኋላ ወደ ነበረበት መጠንና ቅርጽ እንዲመለስ የሚያደርግ።